የመብራታችን እንግዳና የማሳችን ተምች



ውድ አድማጮቻችን፣ በደነባና በአካባቢው ያላችሁ ቤተሰቦች ከዒሻ ሶላት በኋላ በመብራት ዙሪያ የምትሽከረከረውን የእሳት እራት ታውቋታላችሁ። ሱረቱል ቃሪዓ የቂያማ ዕለት የሰዎችን መበታተን ሲገልጽ የሚጠቅሳት ፍጡር ናት። ዛሬ ስለ አንዷ ዓይነት እንነጋገራለን።

መጤው የአሜሪካ ተምች የሚፈለፈለው ከዚህች ግራጫማ ቡኒ የእሳት እራት እንቁላል ነው። በአፍሪካ መታየቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። በ2017 መጀመሪያ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደረሰች፤ በዚያው ዓመት አማራ ክልልንም አዳረሰች። ዛሬ እንግድነቷ ቀርቶ ነዋሪ ሆናለች።

ለመሆኑ እንዲህ በፍጥነት የበዛችው እንዴት ነው? ነፋስ ተከትላ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ እሳት እራትነት የሚፈጀው 30 ቀን ያህል ብቻ ነው። የደጋው ብርድ እርባታዋን ያዘገየዋል፤ በጀማ ሸለቆ በመሰለ ቆላ ግን ሙቀቱ ይስማማታል። ስለዚህ በጓሮው በቆሎ፣ በቆላም ማሽላ ያለው ሁሉ ይጠንቀቅ።

አባቶቻችን የሚያውቁት ተምች በመንጋ እየተጓዘ ሣርና እህል ይጨርሳል። መጤው ግን በአብዛኛው በበቆሎው አናት በተጠቀለለው ለጋ ቅጠል ውስጥ ይደበቃል። በግንባሩ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። የተበሳሳ ቅጠልና ሰጋቱራ የመሰለ እዳሪ ካያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ? በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከፈጅር ሶላት በኋላ ማሳውን ተመልከቱ። ጥጥ የመሰለ ሽፋን ያለውን የእንቁላል ክምር በጣት ጨፍልቁ፤ ትሉንም ለቅማችሁ ግደሉ። አንዴ ወደ ውስጥ ከገባ መድኃኒትም በቀላሉ አያገኘውም። መርጨት ግድ ከሆነ የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ሕፃናትን አርቁ፤ በመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ውሃም ሆነ ዘይት ፈጽሞ አትያዙ። ሰብል ለማዳን ብለን ልጅ እንዳናጣ!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረውናል። ገበሬም ማሳውን ይጠብቅ፣ ከዚያም ዱዓ ያድርግ። አላህ ሰብላችንን ይጠብቅልን፤ ሪዝቃችንንም በረካ ያድርግልን። አሚን።