ነዳጅ ያለው ድኻ
በናይጄሪያ አገር፣ የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ ምድር፣ ኦሎይቢሪ በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ1956 ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ነገር ግን ነዳጅ የማውጣቱ ሥራ ብዙ ገንዘብ እንጂ ብዙ ሠራተኛ የማይሻ፣ ገቢውም ከኩባንያ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት በቀጥታ የሚፈስስ በመሆኑ፣ በረከቱ የሹማምንትና የባለሟሎቻቸው ሲሳይ ሆኖ ሲቀር፣ የውጭ ምንዛሪው መብዛት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እህል ስላረከሰው፣ ቀድሞ አገሪቱን ያስከብሯት የነበሩት ኦቾሎኒና የዘምባባ ዘይት ተዘነጉ፤ ብዙ ገበሬም ለነዳይነት ተዳረገ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ከጕድጓዱ የሚወጣው ጋዝ በከንቱ እየነደደ ሌሊቱን ቀን ሲያስመስል፣ በአጠገቡ ያሉ ብዙ መንደሮች በኩራዝ ማምሸታቸው ነው። በዚያው ምድር የሚኖረውን የኦጎኒን ሕዝብ በደል በአደባባይ የተናገረው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋም እ.ኤ.አ. በ1995 በወታደራዊው መንግሥት በስቅላት ተገደለ።