አንድ ጠረጴዛ፣ ለቡናም ለደብተርም

በዚህ እትም የእጅ ሥራ ገጻችን የምናቀርብላችሁ በየቤታችን ደጅ፣ ከጥላ ስር፣ በጥቂት መሣሪያ ልንሠራው ስለምንችለው ዝቅተኛ የቡና ጠረጴዛ ነው። «ለቡና ረከቦት ይበቃል፣ ጠረጴዛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን በረካው ተጠጥቶ ስኒው ከተነሣ በኋላ ያው ጠረጴዛ የልጆች መጻፊያ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወይም መሬት ላይ ተኝተው እንደሆነ መምህራን ሁሉ የምታውቁት ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። እንደ ካኩማ ባለ ደረቅ ቦታ እንጨት በገንዘብ ብቻ የሚለካ ነገር አይደለም። ዛፉ ለቱርካና አርብቶ አደር የፍየሉ መኖና ጥላው ነው። በእንጨት ለቀማ የተነሣ በስደተኛውና በነባሩ ሕዝብ መካከል ጠብ ሲፈጠር ኖሯል። ስለዚህ የሠራነው ጠረጴዛ በስድስት ወር ተሰነጣጥቆ ማገዶ ከሆነ ኪሳራው የእኛ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛ ዕድሜ እንዲኖረው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ፣ ማዕዘኑ ግን እንዳይንቀሳቀስ መከልከል። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እንጨቱን ከየት እናገኛለን?

አንደኛው ምንጭ ዕቃ ተጭኖበት የመጣ ፓሌት ነው። ፓሌት ስታገኙ መጀመሪያ ጎኑ ላይ የተመታውን ማህተም ፈልጉ። ኤች እና ቲ የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት ተባዩ የተገደለው በሙቀት ነው፤ የእንጨቱ መሐል ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ኤም እና ቢ ካለበት ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል። ስኒና ዳቦ ለሚቀመጥበት፣ ልጅ ለሚደገፍበት ጠረጴዛ አንጠቀምበትም። ማህተሙ ጥሩ ሆኖም ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት ከሆነ ተዉት።

ሁለተኛው ከነጋዴ የሚገዛ ጣውላ ነው፤ በአብዛኛው ከደጋው በኪታሌ መንገድ የሚመጣ የፈረንጅ ጥድ ነው። ሦስተኛው ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉት እሾሃማው ፕሮሶፒስ ነው። ይህ ዛፍ ከውጭ ገብቶ የግጦሽ መሬት የወረረ ሲሆን እንጨቱ ጠንካራና ሲደርቅ ብዙም የማይኮማተር ነው። ግንዱ ጠማማ በመሆኑ ለሰፊ ጣውላ ባይመችም ለእግር ግን ግሩም ነው። ለመቁረጥ ግን አስቀድሞ ከነባሩ ሕዝብ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

እንጨት ለምን ይሰነጠቃል?

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል። እርጥበት ሲስብ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲተፋ ይጠብባል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከእርጥቡ ደጋ የመጣ ጣውላ ቆላ ወርዶ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን እናስላው። ለፈረንጅ ጥድና ለመሰሎቹ፣ እርጥበቱ በአንድ ፐርሰንት ሲቀንስ ወርዱ በግምት 0.2 ፐርሰንት ይቀንሳል እንበል። የጠረጴዛው ወርድ 50 ሴንቲ ሜትር፣ እርጥበቱ ከ15 ወደ 8 ፐርሰንት ቢወርድ፦ 7 ሲባዛ በ0.2 ይሆናል 1.4 ፐርሰንት። የ50 ሴንቲ ሜትር 1.4 ፐርሰንት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ጣውላው ዳርና ዳር በምስማር ከተቸነከረ ያን 7 ሚሊ ሜትር የሚያገኘው ራሱን ሰንጥቆ ነው። ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ጣውላውን በጥላ ስር፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየከተትን ንፋስ እንዲያልፍበት እንደረድራለን። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበጅም፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጣመማል። ደርቋል ወይ የሚለውን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ በሱቅ ሚዛን በየሦስት ቀኑ መዘኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ልኩ

ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለቡና ዝቅ ያለ፣ ዱካ ላይ ለተቀመጠ ልጅ ደግሞ የሚመች ነው። ልጁ ሲቀመጥ ክርኑ ከጠረጴዛው ላይ እኩል መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ዱካውን ነው የምንለውጠው።

ለላይኛው፦ 90 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ 10 ሴ.ሜ. ወርድ፣ 2 ሴ.ሜ. ውፍረት ያላቸው አምስት ጣውላዎች።
ለእግር፦ 5 በ5 የሆኑ፣ 43 ሴ.ሜ. ቁመት ያላቸው አራት።
እግሮቹን ለሚያስተሳስሩት ማሰሪያዎች፦ 8 ሴ.ሜ. ወርድ፣ 2 ሴ.ሜ. ውፍረት ያላቸው፤ ሁለቱ 74፣ ሁለቱ 34 ሴ.ሜ. ርዝመት።

መጋዙ ራሱ በየቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ ትርፍ ያዙ። «ሁለቴ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን ፉንዲዎች የሚደጋግሙት በከንቱ አይደለም።

እግርና ማሰሪያ

ማሰሪያውን ከእግሩ ጋር በምስማር ብቻ መምታት ቀላል ነው፤ ግን ጠረጴዛው በተገፋ ቁጥር ምስማሩ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ከዚያ መወዛወዝ ነው። እኛ የምንመክረው ወንዴና ሴቴ ነው። የማሰሪያውን ሁለት ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከየጎኑ እየቀነሳችሁ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ምላስ አውጡለት። በእግሩ ላይ ደግሞ በዚያው ልክ፣ የእግሩን ጎን መሐል ይዛችሁ በመሮ ቀዳዳ ፈልፍሉ። ምላሱን ከ2 ሴንቲ ሜትር አታስረዝሙት፤ አንድ እግር ከሁለት አቅጣጫ ስለሚገባበት ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ ይጋጫሉ። ምላሱ በእጅ ተገፍቶ ጠበቅ ብሎ ከገባ ጥሩ ነው። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ እግሩን ይሰነጥቀዋል፤ ትንሽ ፋቅ አድርጉት።

ኮላ ከቀባችሁ በኋላ የሚይዝ ሞርሳ ከሌለ ገመድ ይበቃል። አራቱን እግር ዙሪያውን በእጥፍ ገመድ እሰሩ፣ በገመዱ መሐል ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙ። ገመዱ እንጨቱን እንዳይጎዳው ማዕዘኑ ላይ ጨርቅ አድርጉ።

ኮላው ሳይደርቅ ማዕዘኑን ማረጋገጥ አለብን። እስኳድራ የሌለው ሰው ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 30፣ በሌላው 40 ሴንቲ ሜትር ይለካ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 50 ከሆነ ቀጤ ማዕዘን ነው። ሌላው መንገድ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ መለካት ነው። የእኛ መቆሚያ ከውጭ ወደ ውጭ 80 በ40 ስለሆነ ሁለቱም ሰያፎች 89.4 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ በረዘመው በኩል ያሉትን ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ግፉና እንደገና ለኩ። በክፍል ውስጥ «ይሄ ፓይታጎረስ ምን ይሠራልናል?» ለሚሉ ተማሪዎች መልሱ ይኸው ነው።

ላይኛው

አምስቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ አጣብቋቸው። ጎናቸው በመላጊያ ተስተካክሎ በመካከላቸው ብርሃን የማያሳልፍ መሆን አለበት። ለማጥበቅ ከዳርና ከዳር ቋሚ እንጨት መትታችሁ በመካከሉ ሽብልቅ አስገቡ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ላይኛውን ከመቆሚያው ጋር የምናያይዘው በኮላ አይደለም። ከአጫጭሮቹ ማሰሪያዎች ውስጠኛ ጎን ላይ ትናንሽ ጣውላ ምቱና ከስር ወደ ላይ በብሎን እሰሩ። የመሐሉ ቀዳዳ ለብሎኑ ልክ ይሁን፤ የዳርና የዳሩ ቀዳዳ ግን በጠረጴዛው ወርድ አቅጣጫ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይርዘም። ቅድም ያሰላነው 7 ሚሊ ሜትር የሚሄድበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ከቆመ በኋላ ቢነቃነቅስ? ሦስት እግር ያለው ዱካ በማንኛውም መሬት ላይ አይነቃነቅም፤ ምክንያቱም ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ። አራተኛው ነው ጣጣ የሚያመጣው። ጠረጴዛውን በሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሙት፣ ላዩ ቀጥ እስኪል አጥሮ ከቀረው እግር ስር ወረቀት እያጠፋችሁ አስገቡ፤ ከዚያ እርሳስ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ አስተኝታችሁ አራቱንም እግር ዙሪያውን በእኩል ከፍታ አስምሩና በመስመሩ ቁረጡ።

ቅባትና ጥንቃቄ

ጥሬ የተልባ ዘይት በአየር ስለሚደርቅ ለእንጨት ተስማሚ ነው። በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ፤ ሲደርቅ ድገሙት። የእግሩን ጫፍ ደህና አድርጋችሁ አጠጡት፣ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። የምግብ ዘይት ግን ሳይደርቅ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። የመኪና ቃጠሎ ዘይት ደግሞ ለምግብ ጠረጴዛ መርዝ ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ከተተወ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣልና። ሸራና ሣር በበዛበት መንደር ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁን ውጭ፣ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ጠረጴዛው አፈር ላይ የሚቆም ከሆነ ከየእግሩ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፣ ምስጥ እንዳይወጣበት። ከእሳት የወረደ ጀበናም ከነማቶቱ ይቀመጥ፤ ደብተሩም ቡናውም በየተራው ይድረሰው።

ለመምህራን

ይህን ጽሑፍ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ተማሪዎች ለአንድ ጠረጴዛ ስንት ሜትር ከየዓይነቱ እንደሚያስፈልግ ያስሉ፦ ለእግር 1.72፣ ለማሰሪያ 2.16፣ ለላይኛው 4.50 ሜትር ማግኘት አለባቸው። ቀጥሎ የመጋዙን ብክነት ይጨምሩ። በመጨረሻም የክፍላቸውን ጥቁር ሰሌዳ ሁለት ሰያፎች ለክተው ማዕዘኑ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይንገሯችሁ። ውጤቱን በትምህርት ቤታችሁ በኩል ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

መልካም ሥራ!