ከኪንታሮት ጋር የሚምታታው የአንጀት ካንሰር እንዴት ይነሣል?

በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ሰገራ ላይ ደም ሲታይ ብዙ ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አለያም አሜባ ነው ተብሎ መድኃኒት ይዋጣል። ግምቱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲሳሳት ግን የሚባክነው ጊዜ ውድ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመም ከመሰማቱ ከዓመታት በፊት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ይጀምራልና።

የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን በየአምስት ቀኑ ገደማ ይታደሳል። አሮጌዎቹ ሕዋሳት ይረግፋሉ፤ በሽፋኑ ላይ ካሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር ደግሞ አዳዲሶች ይወለዳሉ። የትኛው ሕዋስ እንደሚራባና የትኛው እንደሚያቆም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ከጎረቤት ሕዋሳት የሚመጣ ዊንት የተባለ ኬሚካላዊ መልእክት ነው። መልእክቱ ሲደርስ ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ አስኳሉ ገብቶም የመራባት ዘረ መሎችን ሥራ ያስጀምራል። ሕዋሱ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ሲወጣ መልእክቱ ይሳሳል። ያን ጊዜ ኤፒሲ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ቤታ ካቴኒንን ያስወግዳል፤ መራባቱም ይቆማል።

ኤፒሲን እንደ መስኖ ቦይ መዝጊያ መመልከት ይቻላል። የዘረ መሉ ሁለቱም ቅጂዎች ከተበላሹ ውኃውን ማንም ሳይለቀው ማሳው ይጥለቀለቃል፤ መልእክት ያልደረሰው ሕዋስ እንደደረሰው ሆኖ ይራባል። ተመራማሪዎች ይህን ዘረ መል የለዩት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከአሥር የትልቁ አንጀት ካንሰሮች በስምንቱ ገደማ ተበላሽቶ ይገኛል።

ይህ ብቻውን ካንሰር አይደለም። መጀመሪያ የሚበቅለው ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እባጭ ነው። በኋላ «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ኬራስ፣ የተበላሸን ሕዋስ የሚያስቆመው ፒ 53ም ሲበላሹ እባጩ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በሽታውን የሚያስቀድመውም ይኸው ረጅም ጊዜ ነው፤ ፖሊፕ በኮሎኖስኮፒ ታይቶ በዚያው ሊነሣ ይችላል። መሣሪያው በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኝ በመሆኑ፣ ለመካነ ኢየሱስና ለአካባቢው ነዋሪ መነሻው በቅርብ ያለው ጤና ተቋም የሚጽፈው ሪፈር ነው። ደሙ ከኪንታሮት ይሁን ከእባጭ ከውጭ በማየት ብቻ አይለይም። በተለይ የደሙ መፍሰስ ከተደጋገመ፣ የሰገራ ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም የደም ማነስ ከታየ መመርመር ያስፈልጋል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖረውም ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።