ዳክዬ በእንቁላል ውስጥ ሳለች

በአውሮጳ፥ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ኩሬዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት የዱር ዳክዬዎች አንዱ ማላርድ የሚባለው ነው። ወንዱ አረንጓዴ ራሱንና ነጭ የአንገት ቀለበቱን ይዞ ይንጐራደዳል፤ ሴቲቱ ግን ደረቅ ሣር የመሰለ ላባ ለብሳለች። ውበት ተነፈጋት የሚል ቢኖር፥ መሬት ላይ 28 ቀን ያህል ታቅፋ የምትሰነብተው እርሷ መሆኗንና ቀበሮ ሊያያት እንደማይገባ ያስብ። ወንዱማ መታቀፍ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ትቷት ይሄዳል።

እንቁላሎቹን በቀን አንድ አንድ እየጣለች ከ8 እስከ 13 ታደርሳቸዋለች። ሁሉም ተጥለው እስኪያልቁ ድረስ አጥብቃ ስለማትታቀፍ፥ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን ገደማ አብረው ይፈለፈላሉ። ወዲያው በማግሥቱ ወደ ውሃ ትመራቸዋለች። እንደ ድንቢጥ ልጅ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ የለም፤ እያንዳንዱ ምግቡን ራሱ ይለቅማል። ድምፅዋን ለይቶ ያልተከተለውን ግን ብርድ ይገድለዋል፥ ወይም ቁራ ይነጥቀዋል።

ታዲያ ይህን ድምፅ ማን አስተማረው? «በደመ ነፍስ ነዋ!» ብሎ መገላገል ይቻላል። በየመኝታ ቤታችን «ጉብዝና ከተፈጥሮ ነው» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከረው ወገን በዚህ መልስ ደስ ይለዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጊልበርት ጎትሊብ ግን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን መረመረው። እናቱን ከቶ ሳይሰማ ለብቻው በማሞቂያ የተፈለፈለ ጫጩት፥ የዳክዬና የዶሮ እናት ጥሪ ቢቀርብለት ወደ ዳክዬዋ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ደመ ነፍስ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን ጫጩቱ ሊፈለፈል ሲቃረብ እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ጭው ጭው ይላል። ጎትሊብ የአንዳንዶቹን የድምፅ አካል ገና ሳይፈለፈሉ በሚያጣብቅ ነገር ዘጋው። እነዚህ የራሳቸውንም የወንድሞቻቸውንም ድምፅ ሳይሰሙ ወጡ፤ በፈተናውም የዳክዬዋን ጥሪ ከዶሮዋ መምረጥ ተሳናቸው።

ቀጥሎም ድምፅ ለተዘጋባቸው ሌሎች ጫጩቶች፥ በእንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት ድምፅ በቴፕ አሰማቸው። ያን ጊዜ እንደ ጤነኞቹ ሁሉ የዳክዬዋን ጥሪ ለይተው ተከተሉ።