ከጀርባው ብር የሌለው ዋጋ፦ በኦንላይን ጨረታ የሚሠሩ ጨዋታዎችና የሻጩ መከላከያ

ዛሬ የዕለቱን ዋጋ ትተን ዋጋው ራሱ እንዴት እንደሚወለድ እናውራ። በስልክ የሚመጣው ዋጋ ሲበዛ የውሸቱም ዋጋ አብሮ ይበዛልና።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን ሐሙሲትን እንውሰድ። ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን ይናገራል። የደራ ገበሬ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ሽንብራውን፣ ሽንኩርቱን ይዞ ይወጣል፤ አለፍ ሲል የፎገራ ሜዳ ሩዝ አለ። ድሮ ዋጋ የሚታወቀው ገበያ ተደርሶ፣ ደላላ ተጠይቆ ነበር። ዛሬ ገበሬው ከቤቱ ሳይወጣ የባሕር ዳርን፣ የጎንደርን፣ የአዲስ አበባን ዋጋ ያያል። ማኅበሩም «ይህን ያህል ኩንታል አለን፣ ዋጋ ስጡ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ለውጡ ትልቅ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ ከዚያ ዋጋ ጀርባ ምን አለ?

የዛሬው ጽሑፍ ጭብጥ አንድ ነው። ዋጋ ዋጋ የሚሆነው ከጀርባው የታሰረ ገንዘብና የተመዘነ ምርት ሲኖር ነው። ሌላው ወሬ ነው።

🔸 ጨዋታዎቹ የትኞቹ ናቸው?

አንደኛው አድማቂ ነው። ሻጩ ወይም የሻጩ ሰው በሌላ ስም ገብቶ ዋጋ ይሰቅላል። እውነተኛው ገዢ ተፎካካሪ ያለ መስሎት ይጨምራል። ይህ ሻጩን የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን አንዴ የነቃ ላኪ ሁለተኛ ወደዚያ ማኅበር አይመለስም።

ሁለተኛው የገዢዎች መመሳጠር ነው። አራት ነጋዴዎች «የዛሬው ያንተ፣ የነገው የእኔ» ተባብለው ይገባሉ። አንዱ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ሦስቱ ለይስሙላ ከዚያ በታች ይጠራሉ። ስክሪኑ ላይ አራት ተጫራች ይታያል፤ እውነቱ ግን አንድ ገዢ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው አሳይቶ መሰረዝ ነው። ትልቅ የግዢ ወይም የሽያጭ ትእዛዝ ይገባል፤ ሌላው ሰው አይቶ ዋጋውን ሲያንቀሳቅስ ትእዛዙ ይሰረዛል። በዓለም ገበያ ይህ የትልልቆቹ በሽታ ነው። ጄፒ ሞርጋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በወርቅ፣ በብርና በመንግሥት ቦንድ ገበያ በሠራው እንዲህ ዓይነት ጨዋታ በ2020 እ.ኤ.አ. 920 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል።

አራተኛው እኛ አገር ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፦ አሸንፎ ዋጋ መስበር። ነጋዴው ከሁሉም በላይ ዋጋ ሰጥቶ ያሸንፋል። ሌሎቹ ገዢዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ምርቱ በጆንያ ተሞልቶ ተሰፍቶ ሲጠብቅ መኪናው ይመጣል። ያን ጊዜ «እርጥበት አለው፣ ቆሻሻ በዝቶበታል፣ በዚህ ዋጋ አላነሳም» ይላል። ጫኙ ቆሟል፣ ሹፌሩ ይጨቀጭቃል፣ ሁለተኛው ተጫራች ሌላ ቦታ ገዝቷል። ማኅበሩ ምን ያድርግ? ይቀንሳል። እንግዲህ ጨረታው የተካሄደው ስልክ ላይ ነው፤ ዋጋው የተቆረጠው ግን መኪናው ጎን ነው።

🔸 ምርት ገበያው የዘጋው በር፣ ያልዘጋው በር

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ (ኢሲኤክስ) በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ግብይቱ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው አዳራሽ ፊት ለፊት ይካሄድ ነበር። ገዢና ሻጭ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይዋዋላሉ። በኋላ ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዞረ። ከሁለቱም በላይ የሚበልጠው ግን አዳራሹም ስክሪኑም አይደለም፤ ከግብይቱ በፊት ያለው ደንብ ነው። ሻጭ ምርቱን መጋዘን አስገብቶ፣ አስመዝኖ፣ ደረጃ አስወጥቶ ደረሰኝ ሳይዝ አይሸጥም። ገዢም ገንዘቡን በባንክ ቀድሞ ሳያስገባ አይገዛም። ክፍያው በማግስቱ ይፈጸማል። በዚህ የተነሳ አሸንፎ መጥፋትና መኪና ጎን ዋጋ መስበር እዚያ ቦታ የላቸውም። ካለፈው መዝጊያ ዋጋ ተነሥቶ የሚቀመጠው የዕለት ከፍታና ዝቅታ ወሰንም ዋጋ በአንድ ቀን እንዳይፈነዳ ይይዛል።

ግን ሁሉ በር አልተዘጋም። ቡና ወደ ምርት ገበያው በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ መጋቢት 2001 ዓ.ም.፣ መንግሥት ስድስት ትልልቅ ቡና ላኪዎችን ቡና አከማችታችኋል ብሎ ፈቃዳቸውን ነጥቋል፣ መጋዘኖቻቸውንም ዘግቷል። ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፦ የግብይት ሥርዓት ጨረታውን እንጂ ከጨረታው ውጭ ያለውን መጋዘንና ስልክ አይቆጣጠርም።

ሌላው ያልተዘጋ በር ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው።

🔸 ገንዘብ አለው፣ ግን የምርቱ ዋጋ አይደለም

ለዓመታት በሰሊጥና በቡና ላይ ያየነውን አስታውሱ። ላኪው እዚህ የገዛበት ዋጋ ውጭ ከሚሸጥበት ይበልጣል። «ይሄ ሰው አብዷል እንዴ?» ይባል ነበር። አላበደም። የሚፈልገው ሰሊጡን ሳይሆን ዶላሩን ነበር። በሰሊጥ የከሰረውን በዚያ ዶላር ባስገባው ዕቃ ላይ አትርፎ ይመልሰዋል። የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ሒሳቡ የበለጠ ያዋጣ ነበር።

ይህ የውሸት ጨረታ አይደለም፤ ከጀርባው የታሰረ ብር አለ። ነገር ግን ዋጋው የምርቱን ዋጋ አይናገርም። ለገበሬው ጥሩ ይመስላል፣ ለጊዜውም ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በላኪነቱ ብቻ የሚኖር፣ ምርት አበጥሮ ደንበኛ ያፈራ ላኪ ከገበያ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ሲጠፋ ዋጋው አብሮ ይወርዳል፤ ባለፈው ዓመት ዋጋ ተማምኖ ያከማቸ ሰው ምርቱን ታቅፎ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ይህ ምክንያት ቀንሷል። ቢሆንም ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ይመለሳል። ስለዚህ ዩኒየኖች የአገር ውስጥ ዋጋ ከዓለም ዋጋ በላይ ሲሄድ «ጎበዝ፣ ይህ ምርቴን ነው ወይስ ዶላሬን?» ብላችሁ ጠይቁ። ዶላሩን ከሆነ ዛሬ ሽጡ እንጂ ለነገ አታከማቹ።

🔸 ሌሎች አገሮች ምን አዩ?

ሽንኩርት ለሚያመርተው የጣና ዳር ገበሬ የቺካጎው ታሪክ ቅርብ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. መጸው ሁለት ነጋዴዎች በቺካጎ ገበያ ያለውን ሽንኩርት ማለት ይቻላል በሙሉ በእጃቸው አስገቡ። ከዚያ ዋጋው ይወርዳል ብለው ተወራረዱና ምርቱን ገበያው ላይ ደፉት። ነሐሴ ላይ 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ያወጣ የነበረው 23 ኪሎ ገደማ የሚይዝ ከረጢት በቀጣዩ መጋቢት 10 ሳንቲም ገባ፤ ከረጢቱ ከሽንኩርቱ በለጠ። ገበሬው ከሰረ። በ1958 የወጣው ሕግ የሽንኩርት የወደፊት ግብይትን ከለከለ፣ ክልከላው እስከ ዛሬ አለ። የሚበላሽ ምርት ላይ ጨዋታ የሚቀለው ሻጩ መጠበቅ ስለማይችል ነው።

በሕንድ የካርናታካ ክልል ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያዎቹ በአንድ የኦንላይን ሥርዓት ተያያዙ። ገዢው ዋጋውን በድብቅ ያስገባል፤ የሌላውን አያይም፤ ከሩቅ ያለውም ይሳተፋል፤ ገበሬው ዋጋው ካልጣመው እምቢ የማለት መብት አለው። በ2020 የታተመ ጥናት ያልተፈተገ ሩዝ፣ ለውዝና በቆሎ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ የዋጋ ጭማሪ ማየቱን ገልጿል። ትንሽ ይመስላል? ለገበሬ ከወጪ በላይ የሚተርፈው ራሱ ትንሽ ነው።

የኬንያው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። የሞምባሳ የሻይ ጨረታ በ2020 ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዞረ። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ለአነስተኛ ገበሬዎች ሻይ በኪሎ 2 ዶላር ከ43 ሳንቲም ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ ተቆረጠለት። ሐሳቡ ገበሬውን መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ገዢ ወደ ሌላው ሻይ ዞረ፣ ያልተሸጠ ሻይም መጋዘን ውስጥ ተከመረ። መነሻ ዋጋ ጋሻ ነው፤ ከገበያው ሳይሆን ከምኞት የመጣ መነሻ ዋጋ ግን የራስን እጅ ያስራል።

🔸 እና ምን እናድርግ?

1️⃣ የመኪና ሒሳብ ሥሩ። መነሻ ዋጋችሁ ከዚህ ይውጣ። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው፦ ሽንብራ መድረሻው ገበያ ላይ በኩንታል 9,000 ብር ነው እንበል። መጓጓዣ 250፣ መጫኛና ማውረጃ 60፣ ጆንያ 70፣ የሚጎድልና የሚበጠር 180፣ የነጋዴው ትርፍ 240 ቢሆን ድምሩ 800 ነው። ሐሙሲት ላይ 8,200 መምጣት አለበት። የመጣው ከፍተኛ ዋጋ 7,600 ከሆነ በኩንታል 600 ብር የት ሄደ? በ300 ኩንታል 180,000 ብር ነው። አንድ ቀን የገበያ መዘበራረቅ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጨረታ በተከታታይ ከሆነ ግን ገዢዎቹ ተመሳጥረዋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

2️⃣ መያዣ ሳይኖር ዋጋ አትቀበሉ። ሲፒኦ ወይም በማኅበሩ ሒሳብ የገባ ገንዘብ ይኑር። ያላስያዘ ሰው ይመልከት እንጂ አይጫረት። አድማቂውንም፣ አሸንፎ የሚጠፋውንም አንድ ላይ የሚያስወጣው ይህ ነው።

3️⃣ ጥራትን ከጨረታው በፊት ጨርሱ። እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ተለክቶ፣ ናሙና በሦስት ከረጢት ታሽጎ፣ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለገለልተኛ ወገን ይቀመጥ። መኪና ጎን ክርክር ሲነሣ ሦስተኛው ይከፈታል። ውሉ ላይም ያለ በቂ ምክንያት ዋጋ የሰበረ መያዣውን እንደሚያጣ ይጻፍ።

4️⃣ ገዢው ጥቂትና እርስ በእርሱ የሚተዋወቅ ከሆነ በድብቅ ዋጋ አጫርቱ። በግልጽ ጨረታ አንዱ የገባውን ቃል ሲያፈርስ ሌላው ያየዋል፤ በድብቁ ግን አያየውም። ገዢው ብዙና ከየቦታው ከሆነ ግልጹ ይሻላል።

5️⃣ በግልጽ ጨረታ የመዝጊያ ሰዓት ይራዘም። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች አዲስ ዋጋ ከመጣ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመር። ለመጨረሻዋ ሴኮንድ ያደፈጠ ሰው ጥቅሙን ያጣል።

6️⃣ ምርቱን በሎት ከፋፍሉት፣ ማስታወቂያውንም አርቃችሁ ላኩ። 300 ኩንታል በአንድ ጥቅል ከሆነ አቅም ያላቸው ሦስት ናቸው፤ በመቶ መቶ ከሆነ ሌሎችም ይገባሉ። ለመመሳጠር ትልቁ ጠላት አዲስ ገዢ ነው።

7️⃣ ከውስጥ ጀምሩ። የመነሻ ዋጋው ኮሚቴው ፈርሞበት እስከ መዝጊያ ታሽጎ ይቀመጥ። የኮሚቴ አባልና ዘመዱ አይጫረቱ። መነሻውን ለአንድ ደላላ ሹክ ማለት የገበሬውን ጆንያ ቀድዶ እንደ መስጠት ነው።

8️⃣ መዝግቡ። ማን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ሁለተኛው ማን ነበር የሚለው ይቀመጥ። አንድ ጨረታ ብቻውን ምንም አያሳይም። የአንድ ዓመት መዝገብ ግን አሸናፊነቱ በተራ እየዞረ መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በተመሳሳይ የንግድ ደረጃ ያሉ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነትና በጨረታ መመሳጠርን ይከለክላል። አቤቱታ ለንግድ ቢሮ ሲቀርብ «ሁሉም ያውቃል» አይበቃም፤ ተራ ቁጥር 8 ላይ ያለው መዝገብ ነው የሚናገረው።

ለላኪዎች ደግሞ አንድ ቃል። ይህ ሁሉ ጥበቃ እናንተ ላይ የተነሣ አይደለም። ምርት ፈልጎ ለሚመጣ ገዢ መያዣ ማስያዝ አይከብደውም፤ የታሸገ ናሙናም እሱንም ይጠብቀዋል። የሚከብደው ብር ሳይዝ ዋጋ ለሚሰጠው ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ያማረ ዋጋ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ብሩ የት ታስሯል? ስንት ኩንታል በዚህ ዋጋ ተነሥቷል? ሁለተኛው ገዢ ስንት ሰጠ? መልስ ከሌለ ጆንያውን አትስፉት።

መልካም ገበያ!