ድርቅ ያራቆተው ገበሬ በሁለት ፊልም

በድሬዳዋ ገጠር በቢዮ አዋሌ ዝናብ ሲዘገይ ከብት ምን እንደሚሆን እያየሁ ስላደግኩ፣ «ስሪ ቴን ቱ ዩማ» ለእኔ የካውቦይ ተኩስ ብቻ አይደለም። ድርቅ ያራቆተው ገበሬ ዳን ኢቫንስ፣ ቤን ዌድ የተባለውን የሽፍቶች አለቃ ለ200 ዶላር ብሎ ወደ እስር ቤት ከሚወስደው ባቡር ሊያደርስ ይነሳል። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1957 ዴልመር ዴቭስ በጥቁርና ነጭ ሠራው፤ በ2007 ጄምስ ማንጎልድ ክርስቲያን ቤልንና ራስል ክሮውን ይዞ ደገመው።

በመጀመሪያው ዳን ገንዘቡን የሚፈልገው ከጎረቤቱ ውሃ ለመግዛት ነው። ልብ የሚሰቅለው ትዕይንት ያለው አንዲት የሆቴል ክፍል ውስጥ ነው፦ ዌድ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በለሰለሰ ድምፅ የጉቦውን ዋጋ ይጨምራል፤ ዳን ጠመንጃውን እንደያዘ ያልበዋል። በመጨረሻ ሁለቱም ባቡሩ ላይ ዘለው ሲወጡ ዝናቡ ይወርዳል። ማንጎልድ ይህን ዝናብ ማስቀረቱ ይቆጨኛል።

አዲሱ ፊልም ተኩስ በዝቶበታል። ግን ለዳን በጦርነት የተቆረጠ እግርና የሚንቀው ልጅ ሰጥቶታል፤ አበዳሪውም መሬቱን የሚቀማው ለባቡር ኩባንያ ሊሸጠው ነው። ከተማችን ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰው ሐዲድ የተቆረቆረች ናትና ይህ ነገር ቅርቤ ነው። በዚህኛው ፊልም ዳን ይሞታል፤ ዌድ የራሱን ሰዎች ገድሎ በፈቃዱ ይሳፈራል። ይህን ማመን ከብዶኛል፤ አባት በልጁ ፊት ቃሉን ሲጠብቅ ማየቱ ግን ፊልሙን ያስከብረዋል።