ርቀት በኪሎ ሜትር፣ ጉዞ በሰዓት፦ ከኒሯቅ እስከ ዋሽንግተን

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። የቦታዎቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ፣ የመሬትን አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር አድርጎ በመውሰድ፣ በሉል ገጽ ላይ የሚያገናኛቸውን አጭሩን መስመር ማግኘት ይቻላል፤ ይህም የታላቁ ክብ ርቀት ይባላል። የጉዞ ጊዜ ግን ከዚህ ቁጥር ብቻ አይገኝም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ከዋግ ኽምራ በመነሳት ማብራራት ነው።

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ላሊበላ ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 33 ደቂቃ በበቃ ነበር። ሆኖም በመንደርደሪያው ላይ የሚደረገው ጉዞ፣ ወደ ላይ መውጣቱና ለማረፍ መውረዱ ተደምረው በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአንጻሩ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በ13 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በረራው ባጠረ መጠን ለመነሳትና ለማረፍ የሚውለው ጊዜ ድርሻ ከፍ ይላል።

አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የክንፉ የማንሳት ኃይልና የሞተሩ ግፊት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ከመነሳት ይልቅ በመንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ሲሄድ ይገታዋል፣ ሲመለስ ይገፋዋል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ የተለያየ ነው።

ሰቆጣ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቅ፣ በመኪና መንገድ ግን ወደ 720 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በላሊበላ በኩል ለሚበር መንገደኛ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ተራራማ መንገድ አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ፣ ቀድሞ ለመድረስ 2 ሰዓት፣ ለበረራው 1 ሰዓት ሲደመር ከ5 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ከዚህ ውስጥ የበረራው ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ ያንሳል። ከኒሯቅ ለሚነሳ መንገደኛ በተከዜ ተፋሰስ አቋርጦ ሰቆጣ መድረስ ይጨመርበታል፤ በረራው ካመለጠውም ቀጣዩን መጠበቅ ግድ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ለተጻፈለት ሕመምተኛ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

በመሆኑም የአገልግሎት ተደራሽነትን የሚያጠና ተመራማሪ የቀጥታ መስመር ርቀትን፣ የበረራ ጊዜንና ከደጃፍ እስከ ደጃፍ የሚወስደውን ጊዜ ለይቶ ቢያቀርብ ይበጃል። በካርታ ላይ የቀረበ ሁሉ በጉዞ ቅርብ አይደለምና።